በለቅሶው ቀን የገባች ጎል

በጋዜጣው እንደተጻፈው ከሆነ፣ ሶክ ሃዩል የወንድ አያቱን መሞት የሰማው ኖርዌይ ውስጥ የእግር ኳስ ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነው። በመልበሻ ክፍሉ ጥግ ብቻውን አልቅሶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ለአሰልጣኙ እንኳ ሳይናገር ወደ ሜዳ ገባ። ጎሏን ካገባ በኋላም ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ አያቱን አመሰገነ። የወሬው ርዕስ «እንባውን የዋጠው የልጅ ልጅ» ይል ነበር። አክስቱ ማልሱን ገበያ ውስጥ ለሰማቸው ሁሉ እንደሚናገሩት ደግሞ፣ ልጁ መርዶውን የሰማው ከዋዜማው ነው። ሲሰማም «ጨዋታ አለብኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋ፤ ጎሏን ካገባ በኋላም ጣቱን ወደ የትም አልቀሰረም፤ ከሁለት ፈረንጅ ጓደኞቹ ጋር ቂጡን እያወዛወዘ እንደ ዳክዬ ጨፈረ። ጭፈራው በቪዲዮ አለ፤ ለማየት የፈለገ ሁሉ አይቶታል። በዚያ ሰዓት አያቱ በአገሩ፣ ኢንቾን ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ በቀብር አዳራሹ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበሩ። ጋዜጣውና አክስትየው በእንባውና በጭፈራው አይስማሙ እንጂ ልጁ እያወቀ መጫወቱን ሁለቱም አይጠራጠሩም። ሃዩል ግን አላወቀም ነበር።

ይህን ሁሉ የሰማው ዛሬ ጠዋት ነው። ለአያቱ ሙት ዓመት የሚሆን ፍሬና ዓሣ ሊገዙ ከእናቱ ጋር ገበያ ወርደው ነበር። ከኖርዌይ የገባው ከትናንት በስቲያ ሲሆን ሰውነቱ ገና ሰዓቱን ስላልለመደ ዓይኑ ቀልቷል። ባለፈው ታኅሣሥ የመጣ ጊዜ ከአባቱ ጋር ብቻ ወደ መቃብሩ ሄዶ ሰግዶ፣ በሳምንቱ ወደ ልምምድ ተመልሷል፤ ዘመድ አላየም። የአገሩን የስፖርት ወሬና ከሥሩ የሚለጠፈውን ስድብ እንዳያነብ አባቱ ገና በአሥራ ስድስት ዓመቱ ስላስማሉት እስከ ዛሬ መሐላውን ጠብቆ ኖሯል። ፍሬ የምትሸጠዋ ሴት ለአንድ ፒር ስድስት ሺህ ዎን ስትጠራ እናቱ «ውስጡ ወርቅ አለበት እንዴ?» አለቻት። «ለሙት ዓመት ከሆነማ ለሞተ ሰው አይሰሰትም፣ እትዬ» ብላ ሴትየዋ ቀና ስትል ሃዩልን አየችና ፒሩን ከእጇ ጣለችው።

«ኧረ! ይሄ ያ እንባውን የዋጠው ልጅ አይደለም? የአያቱን መሞት እያወቀ የተጫወተው! ባሌ ጋዜጣውን ቆርጦ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፎታል እኮ። ልጆቼን ጠዋት ጠዋት 'እሱን እያያችሁ ብሉ' ነው የሚላቸው።»

አንድ ትልቅ ፖም መርቃ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ከጎኗ የደረቀ ዓሣ የሚሸጠው ሽማግሌ ከሚያስርበት ገመድ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ፣ «ምን እንባ አለው! ዳክዬው በይው እንጂ» አለ። «ማልሱን ሁሉንም ነግራናለች። ሬሳ ሳይወጣ የሚጨፍር የልጅ ልጅ በእኔ ዕድሜ አላየሁም።» ሃዩል ወደ እናቱ ዞረ። እናቱ ዓሣ እያገላበጠች ነበር። «ይሄኛው ጭንቅላቱ ተሰብሯል፤ ለመሥዋዕት አይሆንም፤ ሌላ ስጠኝ» አለች፤ ሽማግሌው ሌላ ሰጣት፤ ከፈለች፤ ሄዱ። አውቶቡስ ሲጠብቁ ሃዩል «እያወቀ የተጫወተ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃት። ሰው ብዙ ያወራል አለችው። «ከጨዋታው በኋላ ደውለሽ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ እኮ፣ እማዬ።» እናቱ የፌስታሉን እጀታ ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ዛሬ አይሁን። ዛሬ የአያትህ ቀን ነው» አለች።

ቤታቸው አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ሦስት ክፍል አለው፤ አንደኛው የአያቱ የነበረው ነው። ሃዩል የሚተኛው አሁን እዚያ ነው፤ ፍራሽ አንጥፎ ወለል ላይ። የአያቱ ቁም ሣጥንና አልጋ ወጥተው ተጥለዋል፤ የአልጋው እግሮች ያረፉባቸው አራት ጎድጓዳ ምልክቶች ግን ወለሉ ላይ ቀርተዋል። በእነሱ ፋንታ አባቱ ጠረጴዛ አስገብተው፣ በመስታወት የተገጠሙ ማሊያዎች ግድግዳው ላይ ሰቅለው፣ ጫማ የሞላባቸውን ካርቶኖች እስከ ጣሪያ ደርድረው ክፍሉን ቢሮ አድርገውታል። በስም ካርዳቸው ላይ «ሶክ ጆንግታክ፣ የተጫዋች ሥራ አስኪያጅ» የሚል ተጽፏል። የሚያስተዳድሩት ተጫዋች አንድ ብቻ ነው። ክፍሉ የመድኃኒትና የአሮጌ ሰው ጠረኑ ጠፍቶ የአዲስ ቆዳ ሽታ ይዟል፤ ሃዩል መጀመሪያ ሲገባ ይህ ደስ ብሎት ነበር፤ ዛሬ ከገበያ ተመልሶ በሩን ሲከፍተው ግን ሳይገባ መለሰው።

ከቀትር በኋላ አክስት ማልሱን ከባላቸው ከፒልዶ ጋር መጡ። ገበያ ውስጥ ወጥና አትክልት በየሳህኑ እየሠሩ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው፤ ዛሬ ዘግተውት ነው የመጡት፤ መዝጋታቸውንም ገና ጫማ ሳያወልቁ ሦስት ጊዜ ተናገሩ። ወጥ ቤት ገብተው እናቱ በእንቁላልና በዱቄት እየነከረች የምትጠብሰውን ዓሣና ዱባ አሸተቱ። «ነጭ ሽንኩርት አስገብተሽበታል?» አሉ፤ ሙታን ነጭ ሽንኩርት አይወዱም። «ኧረ አላስገባሁም፣ እትዬ።» «ሸተተኝ እኮ።» «ከጎረቤት ነው።» «እንግዲህ አባቴ ከጎረቤት አይበላ» ብለው እጅጌያቸውን ሰብስበው መጥበሻውን ከእጇ ወሰዱ። ሃዩል ሳሎኑ ወለል ላይ ተቀምጦ ከፒልዶ ጋር ለሙታን የሚቀርብባቸውን የነሐስ ሳህኖችና ጽዋዎች ይወለውል ነበር። ፒልዶ ወፍራም፣ ረጋ ያሉ፣ በሚስታቸው ቤተሰብ ጉዳይ ውስጥ ላለመግባት ሠላሳ ዓመት የተለማመዱ ሰው ናቸው። «ድሮ ሙታን የሚመጡት በእኩለ ሌሊት ነበር» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አሁን ነገ ሥራ ገቢ ስለሆንን በአንድ ሰዓት ኑ ተብለዋል።»

አክስትየው መጥበሻውን እንደያዙ በራፉ ላይ ብቅ አሉ። «ጎበዝ! እጁም ይሠራል ለካ፤ እግሩ ብቻ መስሎኝ።»

ሃዩል ተነሥቶ እጅ ነሣ። «እንደምን ከረሙ፣ አክስቴ?»

«ከርሜያለሁ። ሳልጨፍር ከርሜያለሁ።» ፒልዶ በጨርቁ የማይታየውን እድፍ ፈትገው ፈትገው ሊጨርሱት ደረሱ። «ቁጭ በል፤ ጽዋውን አጥራው። የምታጠራው ግን ሌላ ሰው እንዲቀዳበት ነው። አንተ ዛሬ ጽዋ አትነካም፤ ለወንድሜም ነግሬዋለሁ። ባለፈው ዓመት የአባቴን ፎቶ ይዞ ከሬሳ ሣጥኑ ፊት የሄደው የእኔ ልጅ ነው። የሴት ልጅ ልጅ! ለቀስተኛው ሁሉ 'የወንዱ ልጅ የታለ? ቤቱን የሚወርሰው የታለ?' እያለ ሲጠይቅ ልጄ አንገቱን ደፍቶ ተሸከመው። የወንዱ ልጅ ዳክዬ ሆኖ ነበራ!»

መልስ ሳይጠብቁ ተመለሱ፤ ዘይቱ ሲንጣጣ ተሰማ። ሃዩል ምን ማለት እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ ግን አፉን ሲከፍት የአባቱ ቁልፍ በሩ ላይ ተንቃጨለ። አባቱ ፀጉራቸውን ተስተካክለው፣ አዲስ ጥቁር ከረባት በከረጢት ይዘው ገቡ። ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጋዜጠኛና ፎቶ አንሺ እንደሚመጡ፣ የሚነሣውም ሃዩል ለአያቱ ጽዋ ሲቀዳ እንደሆነ ለሁሉም አስታወቁ። ወጥ ቤት ውስጥ አክስትየው መጥበሻውን ጠበቅ አድርገው ሲያስቀምጡት ተሰማ።

ሃዩል አባቱን ተከትሎ ወደ በረንዳው ወጣ። በረንዳው በመስታወት የታጠረ ጠባብ ቦታ ነው፤ የኮመጠጠ ጎመን የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ፣ የልብስ ማስጫውና የአባቱ ሲጋራ ሁሉም እዚያ ናቸው። የሃዩል የልምምድ ካልሲዎች ከጭንቅላታቸው በላይ ተሰቅለዋል። «አባዬ፣ ለሰው ምን ብለው ነው የነገሩት?» አለ። አባቱ አልደነገጡም። ይህ ጥያቄ አንድ ቀን እንደሚመጣ ያውቁ ስለነበር መልሱን አስተካክለው ያስቀመጡ ይመስል ነበር።

«መጀመሪያ የጠየቁኝ ለቀስተኞች ናቸው። የሐዘን ልብስ ለብሼ በር ላይ ቆሜ አንዱ ሽማግሌ 'ትልቁ የልጅ ልጅ የታለ?' አለኝ። ምን ልበለው? ለኳስ ብዬ የአባቴን ሞት ደብቄዋለሁ ልበለው? 'ነግሬዋለሁ፤ ክለቡ አልለቀቀውም' አልኩ። ከዚያ ለሁለተኛው፣ ከዚያ ለሦስተኛው ሰው። ሬሳው በሚወጣበት ጠዋት ጋዜጠኛው ጎልህን አይቶ ደወለ። ለአዳራሹ አንድ፣ ለጋዜጣ ሌላ ልናገር? 'ያውቃል' አልኩት።»

«እንባውስ? ጣቴን መቀሰሬስ?»

«እሱን እነሱ ናቸው የጨመሩት።» ሲጋራቸውን አራገፉ። «ትንሽ እኔም ረድቻቸዋለሁ።»

ሃዩል ያን የዋዜማ ዕለት አስታወሰ። እሱ ራሱ ነበር የደወለው፤ አያቱን ለማነጋገር ሳይሆን አባቱ ስለ ኮንትራቱ ምን እንዳሰቡ ሊጠይቅ። በመጨረሻ፣ ለወጉ ያህል፣ «አያቴስ?» ብሎ ሲጠይቅ አባቱ «ተኝተዋል» አሉት። ከአባቱ ድምፅ ጀርባ የብዙ ሰው ወሬ፣ የሳህን ግጭት፣ የአረቄ ብርጭቆ ኳኳታ ይሰማ ነበር። የምን ድምፅ እንደሆነ ጠይቆ ምግብ ቤት ነኝ ሲሉት አምኗቸዋል። ለቅሶ ቤት ለሚመጣ ሰው ሾርባና ሩዝ እንደሚቀርብ ከልጅነቱ ያውቃል፤ ያን ዕለት ግን አልመጣለትም። በማግስቱ ክለቡ ወደ ላይኛው ሊግ ለማደግ የሚያደርገው የመጨረሻው ጨዋታ ነበር፤ ጎል ካገባን እንዲህ እንጨፍራለን ብለው ከጓደኞቹ ጋር በመልበሻ ክፍል እየተሳሳቁ ሲለማመዱ ነበር ያመሹት።

«የደበቅኩህ ለአንተ ብዬ ነው» አሉ አባቱ። «እዚያ ለመድረስ አሥር ዓመት ነው የፈጀብህ። ብነግርህ ትመጣ ነበር፤ ብትመጣ ክለቡ ባላደገ ነበር። አሁንም ስማኝ። የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ስለ አንተ ሲጠየቅ 'እንዲህ ያለ ልብ ያለው ልጅ እንፈልጋለን' ብሏል። ዝርዝሩ በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል። እዚያ ከገባህና የእስያ ጨዋታው ወርቅ ከመጣ ውትድርና ቀረልህ ማለት ነው፤ ካልገባህ ግን ክለቡን ባሳደግህበት እግርህ፣ ጠመንጃ ተሸክመህ ድንበር ላይ ትቆማለህ፤ ተመልሰህ ስትመጣ ማንም አያስታውስህም። ጋዜጠኛው ዛሬ የሚጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ 'አውቅ ነበር' በለው። ሁለት ቃል ነው።»

«ካላልኩስ?»

አባቱ ወደ ካልሲዎቹ አንጋጠጡ። «ካላልክ እኔ በዚህ ከተማ አባቱን በኳስ የለወጠ ሰው ነኝ። አንተም አትተርፍም፤ ዓመቱን ሙሉ የት ነበርክ ይሉሃል።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ዛቻ አልነበረም፤ እውነት ስለነበር ዛቻ አላስፈለገውም። ሲጋራውን ማጥፊያው ላይ ደፍጥጠው አዲሱን ከረባት ሊያስሩ ገቡ።

አክስት ማልሱን በአያቱ ክፍል ውስጥ ከማሊያዎቹ በታች ተንበርክከው፣ ከመሥዋዕቱ ጠረጴዛ ጀርባ የሚቆመውን በጨርቅ የተወጠረ መጋረጃ አቧራውን ይጠርጉ ነበር። ሃዩል በሩን ከኋላው ዘግቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «አክስቴ፣ እኔ አላወቅኩም ነበር። የነገሩኝ ከጨዋታው በኋላ ነው» አለ። ሴትየዋ ጨርቁን ከመጋረጃው ላይ አላነሱም። ወንድማቸው የሐዘን ልብስ ለብሶ፣ ለቀስተኛ ፊት ቆሞ፣ ነግሬዋለሁ ሲል በጆሯቸው እንደሰሙ፣ ዋናውን ሐዘንተኛ ውሸታም ለማለት አፋቸው እንደማይደፍር ተናገሩ። ሃዩል ሌላ ምንም ሳይጨምር፣ «አልነገሩኝም» አለ እንደገና። አክስትየው ዞረው ፊቱን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ገበያ ላይ ዓሣ እንደሚያዩት፣ ጉንጩን ከፍተው የሚያዩ ያህል።

«እሺ፤ አልነገሩህም እንበል» አሉ በመጨረሻ። «ከዚያ በፊትስ? ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ሲተኛ ስንቴ ደወልክለት?»

«አባዬ ሁልጊዜ ተኝተዋል ይሉኝ ነበር።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚተኛ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

አክስቱ የአቧራ ጨርቁን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ሽንቱን የምደፋለት እኔ ነበርኩ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር 'ሃዩል ነው?' ይለኛል፤ ነርሷ ናት እለዋለሁ። ምግብ ሲመጣ 'ሃዩል ነው?'፤ ጠራጊዋ ስትገባ 'ሃዩል ነው?'። ከጭፈራው ይልቅ የከነከነኝ እሱ ነው። አለመንገር የአባትህ ነው፤ አለመጠየቅ ግን የአንተ ነው፤ አንዱን በሌላው አትሸፍንብኝ።» ተነሡ፤ ጉልበታቸው ተንቋቋ። «ደግሞ ካላወቅክ፣ በር ዘግተህ እኔ ጆሮ ላይ አታንሾካሽክ። ወንድሜ የተናገረው ለአገር ሁሉ ነው። አንተም ለአገር ተናገር፤ ያኔ ጽዋውን በራሴ እጅ እሰጥሃለሁ። ካልሆነ እንደ ጥሩ ልጅ ፎቶህን ተነሣ፤ እጅህን ግን ከአባቴ ጽዋ ላይ አንሣ።»

ጨለም ሲል ሁሉም ነገር ተዘጋጀ። መጋረጃው ቆመ፤ የአያቱ ፎቶ ተቀመጠ፤ ዓሣው በምሥራቅ፣ ሥጋው በምዕራብ፣ ፖሙና ፒሩ አናት አናታቸው ተቆርጦ ከፊት ተደረደረ። እናቱ ሽርጧን አውልቃ ጥግ ላይ ቆመች። አባቱ አዲሱን ከረባት አስረው፣ የሟች መንፈስ እንዲገባ የቤቱን በር ገርበብ አደረጉት፤ ከደረጃው የጎረቤት ሾርባ ሽታ ገባ። ፒልዶ ሱሪያቸው ለመስገድ እንደጠበባቸው አጉረመረሙ፤ ከዚያም ወደ በሩ እያዩ፣ «አማቴ አሁን ከጋዜጠኛው ጋር በአንድ አሳንሰር እንዳይሳፈሩ ብቻ» አሉ። አክስት ማልሱን የሩዝ አረቄውን ማንቆርቆሪያ ይዘው፣ ክዳኑን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ ከጠረጴዛው ጎን ቆመዋል። የሃዩል ጥቁር ልብስ የባለፈው ዓመት ስለሆነ ጭኑ ላይ ጠቦታል። ሊናገር የሚችለውን ቃል ሁሉ በሐሳቡ አንድ በአንድ ቀመሰው፤ ሁሉም አንድን ሰው የሚጎዱ ሆኑበት። «አውቅ ነበር» ቢል አባቱ ይድናሉ፣ ዝርዝሩም ይወጣል፤ ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ዕድሜውን ሙሉ፣ በየዓመቱ በዚህ ጠረጴዛ ፊት፣ አያቱ ሞተው እያወቀ የጨፈረ ሰው ሆኖ ይሰግዳል። ዝም ቢልም ያው ነው።

ከታች፣ ከሕንፃው መግቢያ የሚደወለው ደወል ጮኸ። ግድግዳው ላይ ያለችው ትንሽ ስክሪን በራች፤ ለስጦታ የጭማቂ ካርቶን የያዘ ወጣት ሰውና ከኋላው የካሜራ ቦርሳ የተሸከመ ሌላ ሰው ታዩ። ለስክሪኑ የሚቀርበው ሃዩል ነበር።

«ክፈትላቸው» አሉ አባቱ። ጠጋ ብለው የኮሌታውን ጠርዝ አስተካከሉለት፤ ልጅ ሆኖ ወደ ሜዳ ሲገባ እንደሚያደርጉለት። «ሁለት ቃል ብቻ። ሌላውን እኔ እናገራለሁ።»

«እሱ ይናገር እንጂ፣ አፍ አለው» አሉ አክስትየው።

«እህቴ፣ በአባታችን ፊት!»

«በአባታችን ፊት ነው እንጂ!»

«ተዉ እባካችሁ» አለች እናቱ፤ ቀኑን ሙሉ ጮክ ብላ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች፤ ተናገርም፣ ዝም በልም የሚል ነገር ፊቷ ላይ አልነበረም፤ እጆቿን ብቻ አንዱን በሌላው ጨብጣ ጠበቀች።

ደወሉ ሁለተኛ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ በሩን የሚከፍተውና ድምፅ የሚያስተላልፈው ቁልፍ ጎን ለጎን ናቸው። ሃዩል የመናገሪያውን ተጫነ። ወጣቱ ጋዜጠኛ ወደ ካሜራው ቀና ብሎ ፈገግ አለ።

«ሶክ ሃዩል ነኝ» አለ ሃዩል፤ ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጮኸ፤ ሳሎኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙት ዝቅ አላደረገውም። «ወደ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት እወቁት። አያቴ ሲሞቱ እኔ አላወቅኩም፤ አባቴ ለጨዋታው ብለው ደብቀውኛል። አላለቀስኩም፤ ጎል አግብቼ ጨፍሬያለሁ። ከዚያ በፊት ታመው ሳሉም ደውዬ አልጠየቅኳቸውም፤ እሱ የማንም ሳይሆን የራሴ ጥፋት ነው። ይህን የምትጽፉ ከሆነ አሥራ አንደኛ ፎቅ ነን፣ ኑ። የማትጽፉ ከሆነ ከዚያው ተመለሱ፤ እኔ ሌላ ቃል አልሰጥም።»